ያላስነጠሰ ትንባሆ አይደለም

ዳንግላ፣ ታኅሣሥ ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፬ ዓ.ም.

ለተከበሩ የገበያው የትንባሆ ደንብ ተቆጣጣሪ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ጤናዎ፣ በተለይም ስለ አፍንጫዎ ደኅንነት አጥብቄ እጸልያለሁ። እኔ ቢሻው፣ በዳንግላ ገበያ ዐሥራ ስምንት ዓመት በአፍንጫ የሚሳብ ሱረት የሸጥሁ ሰው፣ በሙሉ አክብሮት የሚከተለውን አመለክታለሁ።

፩ኛ/ በኅዳር ወር በገበያው በር ላይ ባስለጠፉት ደንብ፣ «ትንባሆ ማለት ከትንባሆ ቅጠል የተሠራና ሲጨስ ጢስን፣ ሲሳብ ማስነጠስን የሚያወጣ ነገር ነው» ብለው ስለተረጎሙልን አመሰግናለሁ። እኛ ያልተማርነው እስከዚያ ቀን ድረስ ትንባሆን በቅጠሉ ብቻ እናውቀው ነበር።

፪ኛ/ ትርጉሙን ለመፈተን በገዛ አፍንጫዎ መድከምዎን አልረሳም። ከእኔ ሱረት ቆንጥረው ቢስቡ ዘጠኝ ጊዜ አስነጠሰዎት፤ ገበያተኛው ሁሉ «ይማርዎ» እያለ ቆጠረልዎ። ከጎረቤቴ ከወይዘሮ ወርቅአየሁ ሱረት ሁለት ጊዜ ቢስቡ ግን አንድም አላስነጠሰዎት። በዚህም የእርሷ ትንባሆ አለመሆኑ ተረጋግጦ ሁለታችንም እንሸጥበት ከነበረው ዋርካ ጥላ ሥር ቀረች፤ የእኔ ትንባሆ ሆኖ ስለተገኘ ደንቡ ለትንባሆ ሻጭ በወሰነው ቦታ፣ ከከብት ተራው ጀርባ፣ ከፀሐይና ከእበት መካከል ተመደብሁ። ቅጠል ከጫግኒ ማስመጣትን፣ መውቀጥንና ከአመድ ማዋሐድን ከሦስት ዓመት በፊት ያስተማርኋት እኔ ነኝ። አመዱን እንድታበዛ ግን አላስተማርኋትም።

፫ኛ/ እውነቱን ለመናገር ያቃጠለኝ ፀሐዩ አይደለም። እርሷን «እሜቴ» ብለው ሲሰናበቱ እኔን «አንተ፣ ዕቃህን አንሣ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ደንበኞቼ በፊቴ አልፈው ወደ ጥላው ይሄዳሉ። ሳቋ እኔ ያለሁበት ድረስ ይሰማል፤ በሬ ሲያገሣ ሳቋን ስለሚሸፍንልኝ ደስ ይለኛል።

ባለፈው ገበያ ይህችው ወይዘሮ ነጠላዋን ተከናንባ ከከብቶቹ መካከል ብቅ አለች። ልታላግጥብኝ የመጣች መስሎኝ ፊቴን አዞርሁ። እርሷ ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አያ ቢሻው፣ ለራሴ የምስበው ትንሽ ስጠኝ» አለችኝ።

«የራስሽስ?» አልኋት።

«የእኔማ ለሽያጭ ነው።»

ሰጠኋት። እዚያው ቆማ ሳበችና ስድስት ጊዜ አስነጠሳት፤ ዓይኗ እንባ እንደሞላ «ተባረክ» አለችኝ። ለአንድ አፍታ ልቤ ሞቀ። ወዲያው ግን ተመልሳ ከጥላው ሥር ስትቀመጥና ሰው ሲከባት አየሁና እንደ ገና ቀናሁ።

ደንቡ ይሻርልኝ አልልም። ዐሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ማንም በወረቀት ያልመሰከረልኝን እርስዎ መስክረውልኛልና።

በበሬዎች መካከል ሆኜ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣
በሕግ የታወቀ ትንባሆ ሻጭ፣
ቢሻው

ማስታወሻ፦ ወደፊት «ቅናት» ለሚለው ቃል ትርጉም ለማውጣት ያሰቡ እንደሆነ ብዙ አይድከሙ። ውስጡ ምን ምን እንደሚገባበት እኔን ይጠይቁኝ፤ ከውስጡ የሚወጣው ግን ይኸው አሁን ያነበቡት ማመልከቻ ነው።