ሐዘን ያልነካው ቢ ማይነስ

ውድ እማዬ፣

ካረፍሽ ስድስት ወር አለፈ። መንፈቅሽን በቤተ ክርስቲያን አስበን፣ ዘመድ ወዳጁ በልቶ ጠጥቶ ተበተነ። እህቴ ትዕግስት ከወንዙ ማዶ አሌክሳንድሪያ ያለውን አፓርትመንትሽን አልለቀቀችም፤ ልብሶችሽን ለሰው ሰጥታ ጫማዎችሽን ግን እምቢ አለች። እኔም እዚያው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ እዚያው የተከራየሁት ምድር ቤት ውስጥ ነኝ። ሳልነግርሽ የቀረ ነገር ቢኖር የፈረንሳይኛ ውጤቴ ነው። ቢ ማይነስ ነው።

ፊትሽ እንዴት እንደሚሆን ይታየኛል። ልጅ ሆኜ ሦስተኛ ወጥቼ ስመጣ፣ አንደኛና ሁለተኛ የወጡት ሁለት ጭንቅላት አላቸው ወይ ትዪኝ ነበር። እዚህ ዩኒቨርሲቲ ደረጃ የሚባል ነገር የለም ብዬ ስንቴ ባስረዳሽም፣ ስንተኛ ወጣህ ማለትሽን አልተውሽም። ደረጃ ባይኖርም ታዲያ ለዶክትሬቱ ከቢ በታች አይቆጠርልኝም። የማጠናው የድሬዳዋውን ባቡር ታሪክ ነው፣ ሰነዱ ደግሞ በፈረንሳይኛ ነው። ስለዚህ ጭንቀቴ የቅንጦት አይደለም።

መምህሬ ደግ ሴት ናት። በፈተናው ሰሞን ማረፍሽን ስትሰማ፣ ሐዘን ላይ ስለነበርክ ነው፣ ይህንኑ ጽፈህ አመልክትና እንደገና ትፈተናለህ አለችኝ። ቁጭ ብዬ ጀመርኩት። አልሄድልህ አለኝ።

እማዬ፣ ሐዘን ላይ አልነበርኩማ። ሆስፒታል ተኝተሽ፣ ፈተናውን ሳይጨርስ እንዳትነግሩት ብለሽ ትዕግስትንና ወንድምሽን ጋሼ ደምሴን አስምለሻቸዋል። በስልክ ድምፅሽ ሲደክምብኝ ጉንፋን ነው፣ አትምጣ ይጋባብሃል አልሽኝ። አመንኩሽ። ትዕግስትም ለእራት ብዬ እንዳልመጣ ምስርና ጎመን ሠርታ በጋሼ እጅ ላከችልኝ። እሱን እየበላሁ፣ ደህና እየተኛሁ አጠናሁ። አንቺ በፈተናው ዋዜማ አረፍሽ። እነሱ ተፈትኜ እስክወጣ ጠብቀው በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ለመርዶ መጡ። በሩን ስከፍት ትዕግስት ነጠላዋን ዘቅዝቃ ቆማለች።

ያ ቢ ማይነስ እንግዲህ በሰላም ጊዜ የተገኘ ነው። ለሱ ሲባል ሳልሰናበትሽ ቀረሁ። ምናለ ኤ እንኳ ቢሆን እላለሁ አንዳንዴ፣ ከዚያ ራሴን እታዘባለሁ። የኛ ሰው ሲወድ እንዲህ እየደበቀ እንደሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም ተናድጄብሻለሁ፣ እማዬ።

ለመምህሬ እውነቱን ጻፍኩላት፤ ያኔ አልሰማሁም ነበር፣ ውጤቱ የራሴ ነው አልኳት። ትምህርቱን በዚህ ሴሚስተር እንደገና ይዣለሁ፣ ምረቃዬም በአንድ ዓመት ተገፋ። ትዕግስትንና ጋሼንም በተራዬ አስማልኳቸው። ፈተና ላይ ብሆን፣ ምን ላይ ብሆን፣ ይነግሩኛል።

ባለፈው ማክሰኞ ወደ ፈተናው ክፍል ልገባ ስል ትዕግስት ደወለች። ጋሼን ለእኔ በሚቀርበው የቤልትስቪል ቤታቸው ደረታቸውን አሟቸው አምቡላንስ ወስዷቸዋል፤ እሷ ከአሌክሳንድሪያ እየመጣች ቤልትዌይ የሚሉት ቀለበት መንገድ ላይ ትራፊክ ይዟታል። መንገር ከብዷት ነበር፣ ግን ነገረችኝ። መምህሬ ወረቀቱን ስታድል በበሩ አየኋት። በእጄ ይቅርታ አልኳትና ዞሬ ሮጥኩ።

ሆስፒታል ስደርስ ሐኪሞቹ ጨጓራ ነው አሉ። ጋሼ ገና ሲያዩኝ፣ አንተ ዛሬ ፈተና አልነበረህም እንዴ ብለው ተቆጡ። ወዲያው ግን እጄን ያዙ፣ ትዕግስት እስክትደርስም አልለቀቁኝም። ያንቺን እጅ እንዲህ ይዤ መቀመጥ ነበር የፈለግኩት።

የፈተናው ነገር ምን እንደሚሆን አላውቅም፤ ምናልባት ቢ ማይነሱም ይናፍቀኝ ይሆናል። አንቺን ግን ከእንግዲህ ፈተና ክፍል በገባሁ ቁጥር፣ ስልክም በጮኸ ቁጥር አስብሻለሁ። መቼም ስንተኛ ማለትሽ አይቀርም፣ ልንገርሽ። ትዕግስትንም ሌላውንም ዘመድ ቀድሜ፣ ሆስፒታሉ በር ላይ አንደኛ የደረስኩት እኔ ነኝ።

ልጅሽ