የሸክላ ማጫወቻው ዜና ዕረፍት

የካቲት 3

በታላቅ ሐዘን ይገለጻል። የአያቴ የአባባ ሸክላ ማጫወቻ ዛሬ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ እሳቸው በሚወዱት ዘፈን መሃል፣ በድንገት አርፏል። ሟች አንድ አያት፣ አንዲት አክስትና ሃያ ሦስት ሸክላዎች ትቶ አልፏል።

እኔ? እኔ ተጠርጣሪ ነኝ።

ዘፋኙ "ነይ..." ሲል ድምፁ ተጎተተ፣ ጎረነነ፣ ዝም። ሳህኑ ቆመ። ሞተሩ ግን ውስጥ ሆኖ ያጉረመርማል። አባባ ማጫወቻውን አላዩም። እኔን አዩ።

"ፌንጣ... ምን አደረግሽው?"

"ምንም!"

"ባለፈውም ምንም ነበር።"

ባለፈው... እሺ፣ ፍጥነቱን ቀይሬ ዘፋኙን ጫጩት አድርጌው ነበር። ያ ቀልድ ነው። ይሄ ግድያ ነው! በግድያ እጄ የለበትም።

የካቲት 4

አባባ ክዳኑ ላይ ወረቀት ለጥፈዋል። "ማንም እንዳይነካው። በተለይ አንቺ።"

ስሜን እንኳ አልጻፉም። ቤቱ ውስጥ ሌላዋ "አንቺ" አክስቴ ናት። እሷን ነው ብዬ አለፍኩ።

"ይቅርታ በያቸውና ነገሩ ይብረድ" አለችኝ አክስቴ።

"ላልሠራሁት?"

"ሠርተሽ ካልተያዝሽበት ላይ ይታሰብልሽ።"

ሞቼ ነው! አልልም።

የካቲት 5

አባባ በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንድ ሸክላ ይሰማሉ፣ አንድ ገጽ ብቻ። ከልባሱ አውጥቼ የማቀብላቸው እኔ ነኝ። ዛሬ ወንበሩን ወደ ግድግዳ አዙረው ተቀመጡ። እጄ ሥራ ፈታ።

ራዲዮ ጠጋኙ ጋ ሮጥኩ። "ጋሼ፣ ሞተሩ ይሠራል፣ ሳህኑ አይዞርም።"

ቀና እንኳ ሳይል፣ "ቀበቶው ላልቶ ነው። ቀይሩት።"

ሱሪውን አየሁ። ስምንተኛ ክፍልን ወድጄው ሁለት ጊዜ ተቀምጬበታለሁ፣ ስለዚህ ቀበቶ ግን አንድም ቀን አልነገሩኝም።

"የምን ቀበቶ?"

"ሞተሩንና ሳህኑን የሚያያይዝ ላስቲክ አለ። ቀበቶ የምንለው እሱን ነው።"

"አንድ ይኖርሃል?"

"የዚያ ዘመን ዕቃ? ከየት አባቱ!"

እየበረርኩ ቤት ገባሁ። "አባባ! ጠጋኙ ቀበቶው ላልቷል አለ!"

አባባ ጎንበስ ብለው ሱሪያቸውን አዩ። ለካ... ከታመሙ ወዲህ ከስተው ቀበቷቸው የመጨረሻው ቀዳዳ ላይ ደርሷል። ሱሪያቸውን ሳብ አደረጉ።

"መክሳቴን ሰፈር ለሰፈር እየዞርሽ ታስወሪያለሽ?"

"ኧረ አባባ፣ የማጫወቻውን ነው..."

"ውጪልኝ!"

በሕይወቴ አንዴ ቁም ነገር ብናገር ቀልድ ሆኖ ተቆጠረብኝ። ምን ይደረግ... እባብ ያየ በልጥ በረየ። ግን ልጥም ክብር አለው!

የካቲት 6

አክስቴ፦ "እሁድ አሮጌ ዕቃ ሰብሳቢው ይመጣል። ይውሰደውና ይገላግለን።" አባባም "ይውሰደው" አሉ። ድምፃቸው እንደዚያን ዕለቱ ዘፋኝ ተጎተተ።

አይወስደውም። አራት ነጥብ።

የካቲት 7

አባባ ሐኪም ጋ ሄዱ፣ አክስቴም አብራቸው። ይቅርታ ጠየቅኩ... ወረቀቱን ብቻ! ሳህኑን ቀስ ብዬ አነሳሁት። ከሥሩ ያለው ቀበቶ ቀልጦ እንደታኘከ ማስቲካ ተዝለግልጓል። ጣቴ ጠቆረ።

ማን አቀለጠው? በመስኮቱ ፀሐይ ቀጥ ብላ ትገባለች፣ ማጫወቻው ላይ። መስኮቱ ሥር ያመጡት ደግሞ... ባለፈው ወር... "ጎረቤትም ይስማ" ብለው...

ሃ! አባባ ራሳቸው!

ይህን ጽፌ እኔም ክዳኑ ላይ ብለጥፍስ?

ከአክስቴ ጉርድ ወገብ ላስቲክ መዝዤ፣ ጫፍና ጫፉን ሰፍቼ ሞከርኩ። ዞረ! ግን ስፌቱ በደረሰ ቁጥር ዘፋኙን ስቅ ይለዋል። "ነይ... ህቅ! ነይ... ህቅ!" በሳቅ ልሞት። አክስቴ ጉርዷን ለብሳ ስትነሳ የሆነውን አልጽፍም። ለታሪክ ይቆይ።

የካቲት 8

ጎሚስታው ደጃፍ ላይ የተጣለ የመኪና ጎማ ካላማዳሪ፣ አየር የሚሞላውን የውስጥ ላስቲክ፣ አገኘሁ።

"ምን ልትሠሪበት?"

"የሞተ ዘፋኝ ላስነሳ።"

"አንቺ ልጅ ጤና የለሽም" ብሎ ሳቀ። መቀሱን ግን ሰጠኝ።

ዙሪያውን እንደ ቀለበት መቁረጥ ነው። ስፌት የለ፣ ስቅታ የለ። የመጀመሪያው ወፈረ። ሁለተኛው ተጣመመ። ሦስተኛው ተበጠሰ። ሰባተኛው... ዙሪያውን እኩል፣ ከጫማ ማሰሪያ የማይሰፋ።

"ይህን ሁሉ ትዕግሥት ይዘሽ ነው ትምህርት ያቆምሽው?" አለኝ ጎሚስታው።

"ትምህርት ቤት መቀስ አይሰጡማ!"

የካቲት 9፣ እሁድ

ሰብሳቢው ጆንያውን ይዞ በር ላይ ቆመ። አክስቴ ማጫወቻውን ልታነሳ ስትል ፊቷ ተገተርኩ።

"አባባ፣ አንዴ ብቻ። ካልዞረ እኔንም ጆንያው ውስጥ ይክተተኝ።"

"እሷን እንኳ አልወስድም" አለ ሰብሳቢው።

የቀለጠውን ከወረቀት ፈትቼ አሳየኋቸው። "ቀበቶው ይኼ ነው፣ አባባ። የሱሪዎ አይደለም።"

"ምን ነካው?"

"ፀሐይ።"

መስኮቱን አዩ። ከዚያ ማጫወቻውን። እኔ ደግሞ... "እርስዎ ራስዎ!" የምትል ቃል አፌ ላይ ደረሰች! ምላሴን ነክሼ ያዝኳት። እስካሁን ያመኛል።

አዲሱን አጠለቅኩ። ሳህኑ ዞረ። "ነይ..." አለ ዘፋኙ፣ ያለ ስቅታ። እንደቸኮለ ሰው ትንሽ ፈጠን ይላል።

"ወጣት ሆነ" አሉ አባባ። ወንበራቸውን ከግድግዳው መለሱ። ሰብሳቢው ባዶ ጆንያውን ይዞ ሄደ።

ይቅርታ አላሉኝም። እኔም አላልኩም። እኩል ለእኩል።

የካቲት 12

ማጫወቻው ከመስኮቱ ርቆ ጥላ ውስጥ ተቀምጧል። ወረቀቱ ግን አሁንም ክዳኑ ላይ! ንድድ ብሎኝ ልገነጥለው ስል... "በተለይ" የምትለዋ ተሰርዛለች። ከላይዋ በአባባ የሚንቀጠቀጥ ጽሑፍ "ያለ" ይላል።

"ማንም እንዳይነካው። ያለ አንቺ።"

አክስቴ አነበበችው። "አንቺ ያሉት እኔን ነዋ!" ተጣላን።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሸክላውን አቀበልኳቸው። አልተቀበሉኝም። "መርፌውን አንቺ አስቀምጪው" አሉ። አስቀመጥኩት። ፍጥነቱን እንኳ አልነካሁም።

እንግዲህ ዜና ዕረፍቱ ተሰርዟል። ያ ሁሉ ክስ፣ ያ ሁሉ ኩርፊያ፣ ያቺ ምስኪን ጉርድ... ለአንዲት ላስቲክ ነበር። እውነቱን ለመናገር ነገሩ ያን ያህልም አልነበረም።