«አክስቴ» ስላለችኝ ልጄን ባሕር ማዶ ለላከው መሥሪያ ቤት

ለተከበሩ የባሕር ማዶ ጉዲፈቻ ጉዳይ ኃላፊ
ፑርሳት

ክቡር ሆይ፣ እርስዎም ባለቤትዎም፣ በተለይም ልጆችዎ፣ ሁላችሁም በአንድ ጣሪያ ሥር ተሰብስባችሁ በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ በእናንተ ዘንድ ከሞትኩ ወዲህ ደህና ነኝ። ጊዜዎ ውድ መሆኑን ስለማውቅ ምስጋናዬን በየተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ሠራተኛዎ ትጋት። ማስተማሪያ አጥቼ ልጄ ራክስመይ ፊደል እንድትቆጥር ባስገባኋት የሕፃናት ማሳደጊያ፣ ደረቅ ዓሣ ይዤ ልጠይቃት በሄድኩበት ቀን፣ ሠራተኛዎ የመኪናቸውን ሞተር እንኳ ሳያጠፉ ገብተው «ይቺ ሴትዮ ምንሽ ናት?» አሏት። «አክስቴ» አለች። «እናትሽስ?» ሲሏት አቀርቅራ ዝም አለች። በቃ፣ ልጄ እናት የሌላት ተባለች።

ራክስመይ ከተወለደች ጀምሮ በሽታ አይለያትም ነበር። የመንደራችን አዋቂ «ኮከቧ ከእናንተ ጋር አልገጠመም፤ እማዬ ስትልሽ መናፍስት ከሰሙ ይወስዷታል፣ አክስት ትበልሽ» አሉኝ፤ አባቷንም አጎት እያለች አደገች። በዚያች ቀን «እናቷ ነኝ» የሚለው ቃል አፌ ላይ ደርሶ የዋጥኩት በልጄ ፊት ብናገረው መናፍስት ይሰማሉ ብዬ ነው። እንዲህ ያለ ልጅ በየቤታችን ሞልቷል፤ ሠራተኛዎ በር ላይ ኮኮናት የምትሸጠዋን ሴት ቢጠይቋት ኖሮ «ጋሼ፣ ከየት አገር ነው የመጡት?» ብላ ትስቅባቸው ነበር። እርሳቸው ግን የዚሁ አገር ተወላጅ ናቸው። የገዛ እናታቸውን ምን እያሉ እየጠሩ እንዳደጉ መጠየቅ ድፍረት ስለሚሆንብኝ ትቼዋለሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ ደግነታቸው። ሲወጡ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «አይዞሽ እቴ፣ የእህትሽ ልጅ አለፈላት!» አሉኝ። እኔ ሞኟ የተሻለ ትምህርት ቤት የሚያስገቧት መስሎኝ እጅ ነሳሁ፤ ከዓሣውም ግማሹን ጠቅልዬ ሰጠኋቸው። ጣፍጧቸው ከሆነ ደስ ይለኛል። ያቺ ቀን ትዝ ባለችኝ ቁጥር ግን ያንን ዓሣ የሰጠ እጄን ቆርጬ ብጥለው እወዳለሁ።

ሦስተኛ፣ ስለ ፍጥነታችሁ። የመንደራችን ድልድይ ተሰብሮ ስንት ክረምት አለፈበት፤ የልጄ ጉዳይ ግን የተዘራው ሩዝ ሳይታጨድ አለቀ። በቀርከሃ ውስጥ የተጠበሰ ሩዝ ይዤላት ብሄድ ዘበኛው «እንዴ! ልጅቷ እኮ በአውሮፕላን ሄደች፤ አልነገሩሽም?» አለኝ።

ከዚያ ወደ እናንተ ዘንድ መጣሁ። ጸሐፊዎ በጨዋ ደንብ «አክስት አቤት ማለት አትችልም፤ እናትየዋ ትምጣ» አሉኝ። «እናቷ እኔ ነኝ» ስላቸው «እሷማ ሞታለች» ብለው በሩን አሳዩኝ። ላቤ እየተንጠባጠበ ፊታቸው ቆሜ ነበር እኮ!

እንግዲህ ሟች ከሆንኩ ትንሽ ጥያቄ አለኝ። በሙታን በዓላችን ሰሞን መነኮሳቱ ዘንድ ሄደን ለሞቱት ዘመዶቻችን ሩዝ ስንበትን፣ የኔ ድርሻ በየትኛው ገዳም እንደሚበተን ቢያስታውቁኝ ጎህ ሳይቀድ ሄጄ እለቅም ነበር።

ልጄን የወሰዷትን ባልና ሚስት አልረግምም። እናት የላትም ተባሉ፣ አመኑ። የምለምነው አንድ ነገር ነው፦ እናቷ በሕይወት አለች፣ ትፈልጋታለች ብላችሁ ጻፉላቸው። ልጄ እናቴ ጣለችኝ ብላ እንዳታድግ ነው። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይምጣ።

ለመነኮሳት እንኳ ከማነሳው በላይ እጆቼን ከፍ አድርጌ እጅ የምነሳዎ፣ በሕግ ሟች፣ በሥጋ ግን ዛሬም ገበያ ላይ ዓሣ የምሸጥ፣

ኬው ፋላ
የራክስመይ እናት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ዘንድሮ ወንድ ልጅ ወልጃለሁ። ሰሞኑን ትኩሳት ይዞታል፤ አዋቂውም መጥተው «ይሄም አፉን ሲፈታ አክስት ይበልሽ፣ አለዚያ ይወስዱታል» አሉኝ። እምቢ አልኩ። መናፍስቱን እፈራለሁ፣ ክቡር ሆይ፤ እናንተን ግን የበለጠ እፈራለሁ።