ሰባ ቶን አይበቃም

ሰኞ፣ ግንቦት 4

ዳቦ ቤቱ ደጃፍ ላይ የሚወራው ሐሰት ነው። ከመንገድ ሥራ መሥሪያ ቤት «ጭንቅላቷ ስለደከመ» አልተባረርኩም። ዕድሜዬ ደርሶ ጡረታ ወጣሁ። እሱም ቢሆን ሦስት ዓመት ጨምሪልን ተብዬ፣ ተለምኜ ከቆየሁ በኋላ ነው። በመጨረሻው ቀን የሠራሁት የጠጠር ስሌት እንኳ አንዲት ስህተት አልነበረችበትም።

ወሬውን ማን እንደሚነዛው አውቃለሁ። የሰፈራችን የመንገድ ኮሚቴ ሊቀ መንበር ነው። እኔ «ድምፅ ማጉያ» እለዋለሁ፤ በሹክሹክታ የነገሩትን ለሦስት ሰፈር ያሰማል። ዛሬ መስኮቴ ሥር ቆሞ መንገዳችንን ለሚሠራው ተቋራጭ፣ «እሳቸው እኮ በደህናው ጊዜ የተመሰከረላቸው ነበሩ... አሁን ግን፣ መቼስ...» አለና ጣቱን ጆሮ ግንዱ ላይ አሽከረከረ። በመጋረጃው ቀዳዳ አየሁት።

በደህናው ጊዜ!

ሌላ የተለየ ነገር የለም። ጉልበቴ አመመኝ። ያንን መጋረጃ አውርጄ አጠብኩት።

ረቡዕ፣ ግንቦት 6

የሰፈራችን መንገድ አስፋልት ሊለብስ ነው። ስንት ቶን ይታዘዝ የሚለውን እንድታሰላ ለማን ሰጡ? ለእህቴ ልጅ። ለችኩሏ! ጫማዋን ሳታስር የምትሮጥ ልጅ። ተቋራጩ ቢሮ ለሙከራ ከተቀጠረች ገና ሁለተኛ ወሯ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይህንኑ ሥራ የሠራሁት ሰውዬ... ሰውዬ እላለሁ እንዴ? ሴትዮ። እኔ ከነሕይወቴ እዚሁ ተቀምጫለሁ። የጠየቀኝ የለም።

እህቴ ልታበስረኝ በምርኩዝ እየተጎተተች መጣች።

«እትዬ፣ ይሄን ካሳመረች በቋሚነት ይቀጥራታል። ካበላሸች ግን...»

አልጨረሰችውም። እህቴ አንድም ቀን ዓረፍተ ነገር ጨርሳ አታውቅም። ልጅ ሆና መምህራኑን ታስለቅስ ነበር።

«ካበላሸችማ ትባረራለች» ብዬ ጨረስኩላት።

ፊቷ ጠቆረ። ቁጭ በይም አላልኳት። ሥራው ከላይ ከዋናው መንገድ ተነሥቶ ቁልቁል ይወርዳል፤ የመጨረሻው በር የእነሱ ነው። እናትና ልጅ እዚያች ታች ቤት ይኖራሉ። ዝናብ ሲመጣ የሰፈሩ ጭቃ ሁሉ እነሱ ደጅ ያድራል። አምና እህቴ ወድቃ ዳሌዋ የተሰበረው እዚያው ነው። ዘንድሮ አስፋልት ላይ በምርኩዝ እሄዳለሁ ብላ ትቋምጣለች።

እሑድ፣ ግንቦት 10

ችኩሏ ስሌቷን ይዛ መጣች።

«አክስቴ፣ እስቲ እዪልኝ። ነገ ጠዋት ለፋብሪካው ይላካል። ካንቺ ሌላ የማምነው ሰው የለኝም።»

መነጽሬን አደረግሁ። ርዝመቱ መቶ ሰማንያ ሜትር፣ ልክ ነው። ስፋቱ አራት፣ ልክ። ውፍረቱ አምስት ሳንቲ ሜትር፣ ልክ። ከዚያ ወደ ቶን ስትለውጠው... አስፋልቱ ከመኪና ሲራገፍ፣ ገና ልቅ ሆኖ ያለውን ክብደት ወሰደች! አምስት ሳንቲሙ ግን ከባዱ ሮለር ጠቅጥቆ ከዳመጠው በኋላ የሚቀረው ነው። ዱቄት ቆርቆሮ ውስጥ ሲነቀንቁት ዝቅ ይል የለም? አስፋልትም እንደዚያው ነው። ተጨማሪ ይፈልጋል። ለብክነት ደግሞ ከነጭራሹ አላሰበችም። ሰባ ቶን ብላለች። የሚያስፈልገው ዘጠና ነው።

ገና ዓይኔ እንዳረፈበት አየሁት።

«እሺ?» አለች፣ ጥፍሯን እየበላች።

«የእጅ ጽሕፈትሽ ተሻሽሏል» አልኳት።

«ኧረ እሱን አይደለም! ቁጥሩስ?»

«ቁጥርሽም አምሯል። ሰባቷ ቁልጭ ብላ ሰባት ናት።»

ሳቀች። ጉንጬን ግራና ቀኝ ሳመችኝ። «እፎይ!» ብላ እየዘለለች ወጣች።

ውሸት አልተናገርኩም። ልክ ነው የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም። ጆሮ ያላት ትስማ። እኔንስ ማን በልስላሴ አርሞኝ ያውቃል? የሒሳብ መምህራችን ስህተቱን ገና ከጅምሩ እያየ ዝም ይላል። ሰሌዳው ላይ እስከ መጨረሻው ያስኬደናል። ከዚያ በማስመሪያው ጠርዝ ጣታችን ላይ... ያንን ስህተት ደግሜው አላውቅም። ትምህርት ማለት ይሄ ነው።

ድምፅ ማጉያም አብሮ ይማራል።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 12

ሰባ ቶን ታዘዘ። ትእዛዙን እስከ ዓርብ ማሻሻል ይቻላል አሉ።

ዓርብ፣ ግንቦት 15

ቀኑን ሙሉ ስልኩ አጠገብ ተቀመጥኩ። አንድ ጊዜ አነሣሁት። ምን ልል? «ያቺ የደከመች አሮጊት ነኝ»? መልሼ አስቀመጥኩት።

ዓርብም አለፈ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 19

ደጄ ላይ ወንበር አውጥቼ ገና በጠዋት ተቀመጥኩ። ወደ ቲያትር እንደሚሄድ ሰው ፀጉሬን አበጠርኩ... ለምን እንደዚያ አደረግሁ?

ገልባጭ መኪኖቹ እየጨሱ መጡ። ሥራው ያምር ነበር፤ መካድ አይቻልም። ሮለሩ በእኔ በር አለፈ፤ ተከትዬው ወረድኩ። ሰው አጨበጨበ። ችኩሏ የሠራተኞቹን ትልቅ ኮፍያ ደፍታ ከላይ እስከ ታች ትሮጣለች። እህቴ ታች በሯ ላይ ምርኩዟን ተደግፋ ትጠብቃለች፤ አዲስ ጫማ አድርጋ።

የመጨረሻው መኪና የጭነት ሳጥኑን ወደ ላይ አነሣ። ትንሽ አስፋልት ወረደ። ቆመ። ሾፌሩ በአካፋ መታ መታ አደረገው።

«አለቀ እናንተዬ!»

«እንዴት ያልቃል?» ድምፅ ማጉያ ነው። «ገና ሠላሳ አምስት ሜትር ይቀራል!»

«የጫኑልኝን አራግፌአለሁ። አስፋልት ላም አይደለች፣ አትታለብ!»

የሳቁ ነበሩ። እኔም ሳቅሁ። ተቋራጩ አልሳቀም። ወደ ፋብሪካው ደወለ፤ ከዛሬ በኋላ ማሽኑ ይዘጋል፣ ክረምቱ ሳይወጣ ምርት የለም አሉት። ስልኩን ኪሱ ከቶ ወደ ልጅቷ ዞረ።

«ይሄን ከመላክሽ በፊት ያየልሽ ሰው አለ?»

ከጎናቸው ነኝ። ችኩሏ አየችኝ። አሁን ትጠቁመኛለች ብዬ ወገቤን አቀናሁ፤ መልሱንም አዘጋጅቼ ነበር። «ስለ እጅ ጽሕፈት ነው የጠየቅሽኝ» ልላት።

«የለም» አለችው። «ማንም አላየውም። እኔው ብቻዬን ነኝ።»

«እንግዲያው ነገ እንዳትመጪ።»

ኮፍያዋን አውልቃ ሰጠችው። እህቴ ከታች «ምንድነው? ምን አላት?» ትላለች።

ለምን አልጠቆመችኝም?

ረቡዕ፣ ግንቦት 20

አወቅሁ። ባላውቅ ይሻለኝ ነበር።

እህቴ መጣች። እጄን ያዘች። እጄን! ጮክ ብላ፣ ቀስ ብላ፣ ከሕፃን ጋር እንደምታወራ፦

«እትዬ፣ አይዞሽ። ልጅቷ ላንቺ ብላ ነው ዝም ያለችው። ‹አክስቴ ስሌቱን አይታ ስህተቱ አልታያትም፤ ይሄን ሰው ከሰማ ያ ወሬ እውነት ነው ይላል› ብላ ነው።»

ዓረፍተ ነገሩን ጨረሰችው።

አልታያትም! እኔን! እንጀራዋን የጣለችው እኔን ለመሸፈን ነው። የልቅና የተዳመጠ ክብደት ያልለየች ልጅ ለእኔ ራራች።

«እንቅልፍ ይወስድሻል?» አለችኝ እህቴ። «የበላሽውን ታስታውሻለሽ?»

በሩን አሳየኋት።

ዓርብ፣ ግንቦት 22

ዝናቡ ጀመረ። የተነጠፈው መንገድ ጎርፉን ሰብስቦ በአንድ ትንፋሽ ታች ያወርደዋል። ከቀድሞው ባሰ። ይህንንም አውቀው ነበር።

የእህቴ አፍ ወንፊት ነው፤ ነገሩ ሰፈር ገብቷል። ድምፅ ማጉያ በሬን አንኳኳ።

«እ-ት-ዬ! ጋዙን አጥፍተዋል?»

«ደንቆሮ አይደለሁም» አልኩት።

«ጎ-በ-ዝ!» አለኝ። ጎበዝ! እንደ አራት ዓመት ልጅ።

እሑድ፣ ግንቦት 24

አልቻልኩም። ታች ወረድኩ። አስፋልቱ ከሚያልቅበት ጀምሮ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ይውጣል። ችኩሏ ለእናቷ መረማመጃ ድንጋይ ትደረድራለች። እጇ ተልጧል።

«አክስቴ! ብቻሽን ነው እንዴ የመጣሽው? ማን ለቀቀሽ?»

«አየሁት» አልኳት።

«ምኑን?»

«ስህተትሽን። ልቅ ክብደት ነው የወሰድሽው። ዘጠና ነበር። ያን ዕለት ገና ወረቀቱን ስትሰጪኝ አየሁት።»

የያዘችውን ድንጋይ አስቀመጠች። እንባ ጠበቅሁ። ስድብም ጠበቅሁ፤ ስድቡን ብትሰድበኝ ደስ ባለኝ።

«እያወቅሽ?»

«እያወቅሁ።»

እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ከውስጥ እህቴ ታስላለች።

«እንግዲያው ጤነኛ ነሽ» አለች። «እኔ እኮ ሐኪም ቤት ወረፋ ይዤልሽ ነበር። እሰርዘዋለሁ።»

ድንጋዩን አነሣች። ጀርባዋን እንደሰጠችኝ፣

«ወደ ቤትዎ ይመለሱ፤ ያዳልጥዎታል» አለችኝ።

ከተወለደች ጀምሮ «እርስዎ» ብላኝ አታውቅም። ሥርዓት ያዘች ማለት ነው? ሌላ ጊዜ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር።

ሰኞ፣ ግንቦት 25

ድምፅ ማጉያ ዛሬም ስለ ጋዙ ጠየቀኝ። እንግዲህ ልጅቷ ለማንም አልተናገረችም። ዛሬም። ከፈለግሁ «ጭንቅላቷ ደክሟል» እንደተባልኩ መሞት እችላለሁ። ሰው ሾርባ ያመጣልኛል፣ መንገድ ያሻግረኛል። ሁሉም ይራራልኛል፤ ከእሷ በቀር።

እንደዚያ መኖር አልችልም። ለእሷ ብዬ ነው? ወይስ ይሄ የጋዝ ጥያቄ እንዲቆም? አላውቅም። ሁለቱም ይሆናል።

ነገ፦

ተቋራጩ ቢሮ መሄድ። ሠራተኞቹ ሳይበተኑ፣ ሁሉም ባሉበት። ድምፅ ማጉያንም ማስጠራት፤ አንዴ ከሰማ ለሌላው መድከም አያስፈልገኝም። ወንበር ቢያመጡልኝ አለመቀመጥ። እንዲህ ማለት፦ ስሌቱን አይቼዋለሁ፤ ስህተቱን አውቄ ዝም ብያለሁ፤ ልጅቷን መልሷት። ሌላ ቃል አለመጨመር።

«ለምን ዝም አሉ?» ይለኛል። ማንም ይጠይቃል። «እንድትማር» ልል ነበር። ትናንት ጭቃው ውስጥ ቆሜ ልለው ሞከርኩ፤ አልወጣልኝም። «ስለናቃችሁኝ» ብልስ? የናቁኝ እነሱ ናቸው። እሷ ግን አልናቀችኝም፤ ከእኔ ሌላ የምታምነው ሰው አልነበራትም።

ስለዚህ ቢሮው ሁለተኛ ይሁን። በመጀመሪያ፣ ከቤት ሳልወጣ፣ ለዚህ ጥያቄ መልስ ማግኘት።