አደገ ተብሎ የተመለሰው ቡችላ

ውዴ ገሜ፣

ከተለየኸኝ ሁለተኛው ክረምት ገባ። ዘንድሮ ነቀምቴን ዝናቡ ቶሎ ያዛት፤ መቃብርህ ላይ የተከልኩት ጽድ ግን ወዶታል፣ ወገቤ ደርሷል። ደህና እንደሆንክ አምናለሁ፤ ባትሆንም አቤት የምልበት ቦታ የለኝም።

ቤታችን በጣም አልተለወጠም። ወፍጮ ቤቱን አከራየሁት። ተከራዩ የናፍጣውን ሞተር አውጥቶ በኤሌክትሪክ ተክቶታል፤ መብራት ሲጠፋ ሰው እህሉን እንደተሸከመ ይመለሳል፣ ያኔ ስምህ ይነሳል። አጥሩን በብሎኬት አሠራሁት። ልጃችን ሲፈን አዲስ አበባ ሥራዋ ላይ ናት። ስትደውል እንዳንተ ከሰላምታው በፊት በላሽ ወይ ትለኛለች። ውሻህ ዳማ አርጅታለች። ጥርሷ ስላለቀ እንጀራውን በወተት እያራስኩ ነው የምሰጣት። የምትተኛው አሁንም ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ፣ አንተ ትቀመጥበት የነበረው ድንጋይ ሥር ነው።

ይህን ሁሉ የማወራው ዋናውን ላለመናገር እንደሆነ ገብቶሃል፤ ታውቀኛለህ። እንግዲህ ከእኔ ስማው፦ ቡችላ ሸጫለሁ።

ባንተ ቤት ቡችላ አይሸጥም ነበር። ዳማም፣ ከእሷ በፊት እናቷም ሲወልዱ፣ ከዲጋም ከጉቴም ከቢላም እህል ሊያስፈጩ የሚመጡ ሰዎች ቡችላ ይለምኑሃል። አንተ ደግሞ ነገሩን የሽምግልና ጉዳይ አደረግኸው። ቡችላ የፈለገ ለእናቲቱ ዳቦ ይዞ ይመጣል፣ ከፊቷ ቁጢጥ ብሎ በእጁ ያጎርሳታል። ከእጁ አልበላም ካለች ባዶውን ይመለሳል። ከበላች አንተ ድንጋይህ ላይ ተደላድለህ፣ ሴት ልጁን እንደሚድር አባት ፊትህን ኮስተር አድርገህ ትጠይቃለህ። የት ነው የሚያድረው? ታስሮ ነው የሚውለው ወይስ ተፈትቶ? መጨረሻ ላይ ያችን ጥያቄ ታመጣለህ፤ ምን ታበሉታላችሁ? ትክክለኛው መልስ አንድ ብቻ ነበር፤ እኛ የምንበላውን፣ እስኪጠግብ። እስኪጠግብ የምትለውን ቃል የዘለለ ሰው ቡችላ አያገኝም። እኔ በመስኮት እያየሁ እስቅብህ ነበር። አንድ ቀን እንዲያውም ለሲፈን ባል ቢመጣ እንኳ ይህን ያህል አትመረምርም ብዬ ስተርብህ፣ ሲፈን ከራባት ትናገራለች፣ ይሄ ለማን ይናገራል አልከኝ።

ቡችላው ከሞተም ወሳጁ ራሱ መጥቶ ያረዳሃል። አላሳደግንልህም፣ ይቅር በለን ይላል። ይህችን አስታውሳት፣ እመለስባታለሁ።

በሲፈን ተጀመረ ብል ልጄን መክሰስ ይሆንብኛል። ካንተ በኋላ ብቻዬን እንዳልሆን ብላ ከአዲስ አበባ አንዲት ነጭ ውሻ አመጣችልኝ። ውሻ ስልህ እንዳትሳሳት፤ ጸጉሯ ዓይኗን የሸፈነው፣ ቁመቷ የዳማን ጉልበት የማይደርስ ነገር ናት። ስሟ ቺቺ ነው። ዳማ አንዴ አሸተተቻትና ዞራ ተኛች። እኔም ይቺ ሌባ ቢመጣ ወንበር የምታቀርብለት ናት ብዬ ሳቅሁ። ግን ወደድኳት። ጭኔ ላይ ትተኛለች፤ አንተ በሌለህበት ቤት ከእኔ ሌላ የሚተነፍስ ነገር መኖሩ ትልቅ ነገር ነበር።

ከዚያ በኋላ ከመንገዱ ማዶ ያለው ፀጉር ቤት ባለቤት ቺቺን አቅፋ የተነሳችውን ቪዲዮ ቲክቶክ ላይ ለቀቀችው። ብዙም ሳይቆይ እንዲህ ያለ ከየት ይገኛል የሚል ሰው በራችንን ያንኳኳ ጀመር። የፀጉር ቤቷ ሴትዮ የዚያው ዘር ወንድ አስመጣችልኝ፣ ቺቺም ወለደች። ከአንዱ በቀር ሁሉም ድንቡሽቡሽ ያሉ ነበሩ። የቀረው ግን መዳፍ የማይሞላ፣ ጡት መሳብ ያቃተው፣ ፀሐይ ላይ እንኳ የሚንቀጠቀጥ ነበር። ወተት በጠብታ እየሰጠሁ ነው ያቆየሁት። አንተ ብትኖር ይሄ ከእናቱ አይለይም ብለህ ነገሩን ትዘጋው ነበር።

ገዢዎች መጡ። ጤነኞቹ ጅራታቸውን እየቆሉ ይሮጡላቸዋል። አንዱ የአንዲት ሙሽራ ጫማ ሊልስ ሲጠጋ እግሯን ሰብሰብ አድርጋ አለፈችው። የሁሉም ዓይን ጥጉ ላይ በጨርቅ ተጠቅልሎ ወደሚንቀጠቀጠው ይሄዳል። ይሄ እኮ ቦርሳ ውስጥ ይገባል ይላሉ። ጤነኛ ነው ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም። የሁሉም ጥያቄ አያድግም አይደል? የሚል ነው። አንተ ምን ታበሉታላችሁ ስትል በኖርክበት በር ላይ አያድግም አይደል የሚሉ ሰዎች ቆሙ፣ እኔም አያድግም እያልኩ መለስኩላቸው። ያንን ትንሹን ሙሽራዋ ለሠርጓ ፎቶ ወሰደችው። ከሠርጉ በኋላ የት እንደደረሰ ደፍሬ አልጠየቅኩም።

ብሩ ጥሩ ነበር፣ አልዋሽህም። ከብሩ ይልቅ ግን የደጄ መሙላት ነው ያሳሳተኝ። አንተ ከሄድክ ወዲህ ማንም የማያንኳኳውን በር ሰው እትዬ ስንዱ እያለ ሲያንኳኳው ደስ አለኝ። እናም ተማርኩ። ሲንቀጠቀጥ ዘሩ ብርድ አይወድም ማለትን፣ ጉልበቱ ሲከዳው እየተጫወተ ነው ማለትን ተማርኩ። ከፀጉር ቤቷ ሴትዮ ደግሞ ምክር አገኘሁ፤ ምግብ ካላበዙበት እንደ ትንሽነቱ ይቀራል አለችኝ፣ እኔም ለገዢ ሁሉ ምክሩን አብሬ ሸጥኩ። ቺቺ ዳግመኛ ስትወልድማ በሩ ሲንኳኳ የወፈሩትን ቶሎ ብዬ ጓዳ መክተት ጀመርኩ። ትንሹ አጠገባቸው ሲታይ በሽታው ይታወቃላ። ጤነኞቹን እንደ ነውር ደበቅኋቸው፣ ገሜ። ሲያጌጡ ይመላለጡ ይባል የለ? ያጌጥነው እኛ፣ የተመላለጠው ቡችላው።

ከመጀመሪያዎቹ አንዱን የጉቴ ሰው ወስዶት ነበር። በካርቶን ይዞት ተመለሰ። ደንግጬ ምን ነካው፣ ታመመ እንዴ ብዬ ስጠይቀው፣ አይ፣ አደገ አለኝ። ቅሬታው ይኸው ነው። አንቺ አያድግም ብለሽኝ ነበር ብሎ ገንዘቡን ጠየቀኝ፣ ሰጠሁት። ቡችላው ከካርቶኑ ዘሎ ወርዶ ቀሚሴን ይጎትታል። ጥፋቱ መብላትና ማደጉ መሆኑን የሚነግረው የለም። ድንቡሼ ብዬው እኔው ጋ ቀረ። ሰው ሲመጣ እሱም ጓዳ ይገባ ነበር።

አሁን ወደሚከብደው ደረስኩ። ወዳጅህ ኦቦ ደበላ በገበያ ቀን ከዲጋ መጡ። ከጋቢያቸው ሥር ዳቦ ይዘው ነበር። አካም ጂርታ ያ ስንዱ ብለው ሳሙኝና፣ ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ ከወደቁ ወዲህ ከአልጋ አለመውረዳቸውን ነገሩኝ። ትልቅ ውሻ አሁን ማን ይይዘዋል፣ አልጋዋ ላይ አብሯት የሚውል ትንሽ ነገር ስጪን፣ ማሎ፣ እባክሽ አሉኝ። ከዚያ በዚያ በሚያማቸው ጉልበት ቺቺ ፊት ቁጢጥ ብለው ዳቦውን እየቆረሱ አጎረሷት። በላች። ቀና ብለው ዓይን ዓይኔን ያዩኝ ጀመር። ጥያቄዎቹን እየጠበቁ ነበር። እኔ ግን ከሸጥኩ ወዲህ ጠይቄ ስለማላውቅ ምን እንደሚጠብቁ እንኳ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

አንድ ደንበኛ የለመነችኝን፣ ከሁሉም ትንሹን አንሥቼ በነጻ ሰጠኋቸው። አክብሬህ ነው፣ እሳቸውንም አክብሬ ነው። ለትልቅ ሰው የሚሰጠው ሰው ሁሉ የሚሻማበት አይደል? ጓዳ ውስጥ ድንቡሼ በሩን እየቧጠጠ ነበር፤ እሱን ብሰጥ የተመለሰ ዕቃ የሰጠኋቸው መሰለኝ። ኦቦ ደበላ ጤነኛ ነው ወይ አሉኝ፤ የጠየቁኝ እሳቸው ብቻ ናቸው። ምንም አይል አልኳቸው። አደራ ምግብ አታብዙበት፣ በቀን አንዴ ትንሽ ወተት ይበቃዋል ብዬም ጨመርኩ።

ቡችላው ሞተ። ኦቦ ደበላ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው መጥተው በሩ ላይ ቆሙ። አላሳደግንልሽም ስንዱ፣ ይቅር በይን አሉኝ። ቡችላውን የገደልኩት እኔ ነኝ ብለው አዴ ጫልቱ እህል አልቀምስ ብለዋል። አንድ ምሽት ለቅሶው አላስችል ብሏቸው ከገዛ ኩባያቸው ወተት እስኪበቃው አጠጥተውት ኖሯል። ስንዱ አስጠንቅቃን እኔ በእጄ አጠፋሁት ይላሉ አሉኝ።

እኔ ምን ያልኩ ይመስልሃል? አይዞዎት ኦቦ ደበላ፣ የእግዜር ሥራ ነው አልኩ። ይቅርታውን ተቀበልኩ። እሳቸውም ገላቶሚ ብለው አመስግነውኝ ሄዱ።

በዚያው ሰሞን ከቀሩት ቡችሎች አንዱ ደከም ሲልብኝ ወደ እንስሳት ሐኪም ወሰድኩት። ሐኪሙ እንዲህ ያሉት ትንንሾች ቶሎ ቶሎ ካልበሉ አቅማቸው ተሟጦ ይሞታሉ አለኝ። ማነው አታብዙበት ያለሽ ሲለኝ፣ ሰዎች ናቸው አልኩት። እየተመለስኩ ደጃፋችን ስደርስ ዳማ ድንጋይህ ሥር ተኝታለች፤ በአጠገቧ ሳልፍ ፊቴን አዞርኩ። ከውሻ ፊት ማፈር ምን እንደሆነ ያየሁት ያን ዕለት ነው።

በማግስቱ ዳቦ ጋግሬ፣ ድንቡሼን ዘንቢል ውስጥ አድርጌ ወደ ዲጋ ተሳፈርኩ። ግማሽ አካሉ ከዘንቢሉ ውጭ ስለሆነ ሚኒባሱ ውስጥ ሰው ሁሉ ሳቀብኝ። አዴ ጫልቱ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኝተው ነበር። አልጋቸው ሥር ቁጢጥ አልኩና ዳቦውን ቆርሼ ዘረጋሁላቸው። መጀመሪያ ልናገር፣ ከዚያ ከእጄ ካልበሉ ባዶዬን እመለሳለሁ አልኳቸው። የደበቅኋቸውን ጤነኞችም፣ አያድግም ያልኩትንም፣ ሐኪሙ ያለኝንም ሁሉንም ነገርኳቸው። ኦቦ ደበላ ተነሥተው ወደ ውጭ ወጡ።

አዴ ጫልቱ ዞረው አዩኝ። ዱጉማ? እውነትሽን ነው? በልቶ አይደለም የሞተው? አሉኝ። አይደለም፣ በረሀብ ነው፣ የከለከልኩት እኔ ነኝ አልኩ። እርግማን ነበር የምጠብቀው። እሳቸው ግን እንግዲያ አንድ ምሽት እንኳ ጠግቦ አድሯል አሉና አለቀሱ። ለእኔ አንድም ክፉ ቃል አልተረፈኝም። ተሰድቤ ቢሆን ኖሮ ትንሽ ይቀለኝ ነበር።

በኋላ ዳቦውን ከእጄ ወሰዱ። ጥቂት ቀመሱ። ድንቡሼ አልጋው ላይ ዘሎ ወጥቶ ፍርፋሪውን ሲለቅም ሳቅ ብለው፣ በይ የገመቹን ጥያቄ ጠይቂኝ አሉኝ። እኔ ግን የድንቡሼን ጆሮ ማሻሸት ያዝኩ። ጠይቂኝ እንጂ ሲሉኝ፣ ምን ያበሉታል አልኩ። እኛ የምንበላውን፣ እስኪጠግብ አሉ። ከዚያ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ፣ አንቺስ ቤትሽ ያሉትን? አሉኝ።

እስኪጠግቡ አልኳቸው። ያን ያልኩበት ድምፅ ግን የእኔ አይመስልም ነበር።

ድንቡሼ እዚያው ቀርቷል። ኦቦ ደበላ ሲደውሉ እያደገ ነው ይሉኛል፤ በደስታ ነው የሚሉት። ቺቺን ከእንግዲህ አላስወልዳትም። የወሰዱትን ሰዎች እየዞርኩ አብሉ እያልኩ ነው፤ አንዳንዱ ይሰማኛል፣ አንዳንዱ ገንዘቤን መልሺ ይላል፣ ሙሽራዋ በሩን አልከፈተችልኝም። ጓዳው አሁን ክፍት ነው። ትናንት አንዲት ሴት መጥታ አያድግም አይደል ብትለኝ ያድጋል አልኳት፤ አመስግና ሄደች። የቀሩት ቡችሎች ዳቦ ይዞ የሚመጣ ሰው እስኪገኝ እየበሉ ያድጋሉ፣ ባይገኝም ያድጋሉ።

እስካለሁ ድረስ በዚህ በር የሚመጣውን ሁሉ ጥያቄህን ሳልጠይቀው አልሰድም፣ ስጠይቅም ባንተ ስም ነው። ድንጋይህ ላይ ተቀምጬ ግን አልጠይቅም፣ ገሜ። ገና አፍራለሁ። አጠገቡ ቆሜ ነው።

ያንተው ስንዱ