የአያቴ አልቦ ጆሮሽ ላይ

ዩምና፣
ሽሮው ድስቱ ውስጥ አለልሽ፤ አሙቂው።

እናቴ ዛሬ ከአጋሮ ትመጣለች። ወንድሜ ሊያገባ አይደል? ሙሽራዋ እግሯ ላይ የምታጠልቀውን የአያቴን የብር አልቦ ልትወስድ ነው። አዎ፣ አንቺ ቆራርጠሽ ጉትቻ፣ ቀለበትና ሀብል ያደረግሽውን። «የሞተ ብር ላይ ነፍስ ዘራሁበት» ብለሽ ቲክቶክ ላይ የለቀቅሽውን።

በጋራ ክፍላችን መሳቢያዬን ሳልቆልፍ የተውኩት እኔ ነኝ፤ እሺ።

ስታንኳኳ ክፈቺላት፣ ጉንጯን ሳሚያት። ጌጡን ሁሉ አድርገሽ ጠብቂያት፤ ምንም እንዳልጎደለ በዓይኗ ትየው። ስለ ዲዛይን አንቺው አስረጂያት። እኔ ሊሙ ሄጃለሁ።

እናቴን ታውቂያታለሽ፤ አልቦውን ሳትይዝ አትመለስም። አልቦው ደግሞ አሁን ጆሮሽ፣ ጣትሽና አንገትሽ ላይ ነው።

ለአጋሮ መንገድ ሻንጣሽን አዘጋጅቼልሻለሁ።

ለጢፋ