በጋዜጣ የተጠቀለለው ዘጠነኛ ጠርሙስ

ውድ እታለሜ፣

እንዴት ከረምሽ? ያ ወገብሽ ሻል አለሽ? ልጆቹስ? ባለቤትሽ አሁንም ሬዲዮኑን ከፍቶ ነው የሚተኛው? እኔ ጉንፋን እንኳ ሳይነካኝ አለሁ፤ እንጀራዬ አፍንጫዬ ነውና ራሴን እንደ እንቁላል ይዤ ነው የምንቀሳቀሰው።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሦስት ሳምንት ሆነ። ሥራ በዝቶብኝ ነው ብዬ ልዋሽሽ ነበር፤ እውነቱ ግን የምለው ጠፍቶኝ ነው። «ለቀማው እንዳለቀ፣ ወር በገባ በሃያ ትራክተር ይመጣል። የአባባን ቅይጥ የወይን ማሳ ነቅዬ ሜርሎ የሚባለውን ጥቁር ወይን ብቻ ልተክልበት ነው፤ አንተ እንዳልከው» ብለሽ ጻፍሽልኝ። አልወቀስሽኝም። ብትወቅሺኝ ይሻለኝ ነበር።

ቀኑ ሳይደርስ ይህ ደብዳቤ እጅሽ እንዲገባ ነው የምቸኩለው። ባለፈው ማክሰኞ የሆነውን ልንገርሽ።

በዓመት አንድ ጊዜ የአካባቢውን የወይን ጠጅ ሁሉ በአንድ ጠረጴዛ እንቀምሳለን። አዘጋጇ ነጋዴ ናት። የማን እንደሆነ እንዳናውቅ ጠርሙሶቹን በአሮጌ ጋዜጣ ጠቅልላ ቁጥር ትጽፍባቸዋለች። በዚያ ቀን ሽቶ የለም፣ ሽታ ያለው ሳሙና የለም፣ ወሬ የለም። ያለው ነጭ ጨርቅ፣ ደረቅ ዳቦ፣ ውሃና የምንተፋበት ባልዲ ነው። መዋጥ ክልክል ነው፤ ሃያ አራት ጠርሙስ እየዋጠ የሚቀምስ ሰው ስሙ ቀማሽ አይደለም።

አምስት ነበርን። ራስጌ የተቀመጡት ሙያውን ያስተማሩኝ ሽማግሌ ናቸው፤ «ጋሽ አፍንጫ» እንላቸዋለን፣ እሳቸውም ይወዱታል። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ከሃያ አሥራ ስድስት ያለፈ ነጥብ ሰጥተው አያውቁም።

የሸለቆው ሜርሎዎች ቀደሙ። ለስላሳ፣ ጨዋ፣ ባልዲው ውስጥ ሳይደርሱ የሚረሱ። ከዚያ ሲራ የሚሉት የተራራው ወይን መጣ፤ እንደ ቃሪያ የሚያቃጥል፣ ጉሮሮ ይዞ የሚከራከር። ዘጠነኛው ሲቀዳ ጠርዙ ወደ ጡብ ቀለም አዘንብሏል፤ ዓመታት ያስቆጠረ ነው። አሸተትኩት። መጀመሪያ የደረቀ ቅጠል፣ ቀጥሎ የፕሪም ልጣጭ። ከዚያ፣ እታለሜ፣ ከስር አንድ ነገር ተነሳ፤ የሎሚ ልጣጭ ሲላጥ የሚረጨው ዓይነት ጥራት። ጥቁር ወይን ውስጥ ይሄ ምን ይሠራል?

አፌ ውስጥ ሳስገባው ሁለት ድምፅ ነበረው። አንዱ ሲጨርስ ሌላው ይቀጥላል፤ አይሻሙም። እርሳሴን አስቀመጥኩ። ባልዲው እግሬ ስር ነበር፤ እኔ ግን ዋጥኩት። በሃያ ሁለት ዓመት ሥራዬ የመጀመሪያዬ ነው። ከዋጥኩትም በኋላ አልሄደም። የግድግዳው ሰዓት አንድ ደቂቃ ዞሮ ሁለተኛውን ሲጀምር እሱ ገና ይናገር ነበር። ክፍሉ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ሰው አልነበረም። እንዲህ ያለ ነገር ከአፈርና ከፀሐይ ይወጣል ብሎ የነገረኝ ቢኖር አላምነውም ነበር።

ቀና ስል ጋሽ አፍንጫ መነጽራቸውን አውልቀው ይጠርጋሉ። «ዋጥከው አይደል?» አሉኝ በሹክሹክታ። አዎ አልኳቸው። «እኔም። ለነጋዴዋ እንዳትነግራት» አሉና ወረቀታቸው ላይ አሥራ ዘጠኝ ጻፉ። ሃያን ለማን እንዳስቀመጡት ብጠይቃቸው «ለእግዜር» አሉኝ።

ሁሉም ሲያበቃ ነጋዴዋ ጋዜጣውን ትገልጥ ጀመር። ዘጠኝ ላይ ስትደርስ አየችኝና ጠርሙሱን ወደ እኔ አዞረችው። የተለጠፈበት ወረቀት ላይ ያለው የአባባ የእጅ ጽሑፍ ነው። ዓመቱም ያ ዓመት።

አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ግን አንድ ጊዜ በእጄ ልጻፈው። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት የጋዜጣው የወይን ዓምድ ሲሰጠኝ፣ የወይን ገበሬ ልጅ ነው፣ አባቱን ሊያሞግስ ነው ብለው አሙኝ። እንደማላዳላ ላሳይ ብዬ ከአባባ በርሜል ገና የወጣውን ወሰድኩና፣ ጥቁር ወይንን ስሙ ከማይታወቅ ነጭ ወይን ጋር መጥመቅ ሁለት ሰው ባንዴ ሲያወራ እንደ መስማት ነው ብዬ ጻፍኩ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ደስ አለኝ። አባባ በሩ ላይ ቆሞ አንብቦት፣ አጥፎ ኪሱ ከቶ፣ «ልጄ አጻጻፉ ያምራል» ብሎ ወደ ማሳው ሄደ ያልሽኝን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ያን በጥቁሩ መሃል የበቀለ ነጭ ወይን «እንግዳው» ይለው ነበር። በአንድ ቀን ይለቀማሉ፣ በአንድ ቅርጫት ይገባሉ፣ በአንድ በርሜል ይጠመቃሉ። «እንግዳው ከሌለ ጥቁሩ አፉን አይፈታም፤ ብቻ ጊዜ ስጡት» ሲል፣ መለየት ሰልችቶት ነው እል ነበር። ገና ያልተናገረ ሕፃን ፊት ቆሜ ዲዳ ነው አልኩ።

ነጋዴዋ ስትናገር ፊቴን ላለማየት ጠርሙሱን ነበር የምታየው። «ካንተ ጽሑፍ በኋላ የነካው የለም። ሁለት ሳጥን መጋዘኔ ጥግ ጨለማ ውስጥ ከርሟል። እንዲያው ለጨዋታ ነው ያስገባሁት» አለች። ጋሽ አፍንጫ የጠመቀው ሰው በሕይወት አለ ወይ ብለው ጠየቁ። አባቴ እንደነበረና ከሞተ ሁለት ዓመት እንደሆነው ነገርኳቸው። ያ ሁሉ የጉልበት ሕመም እያለባቸው ከወንበራቸው ተነስተው ቆሙ። ሌሎቹም ተነሱ።

በማግስቱ ሁሉንም ጻፍኩት፤ የአባቴ መሆኑን፣ ያኔ መሳሳቴን። የጋዜጣው አዘጋጅ አንብቦ «ዘመዱን ያሞገሰ ቀማሽ እዚህ ቤት ዓምድ የለውም፤ ደንቡን ታውቃለህ» አለኝ። ስሰድበው ዘመድህ ነው ወይ ብሎ የጠየቀኝ እንዳልነበረ አስታወስኩት። «ስድብማ ያስነብባል ወንድሜ» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ኮስተር አለና ይውጣ ወይስ ይቅር፣ አስብበት አለኝ። አላሰብኩበትም፤ ይውጣ አልኩት። አርብ ወጥቷል፤ ቆርጬ አያይዤልሻለሁ።

ትራክተሩን አስቁሚ ብዬ አላዝሽም። አንድ ጊዜ የኔን ቃል ሰምታችሁ የሆነውን አይተናል። ከዚያ ሳጥን አንድ ጠርሙስ በአውቶቡሱ ሾፌር ልኬልሻለሁ። ቡሹ ደርቋልና ቀስ ብለሽ ንቀዪው። ቀድተሽ አንድ ሰዓት ተዪው፣ ከዚያ ብርጭቆሽን ይዘሽ ማሳው ዳር ቁሚና ቅመሺው። ከዚያም በኋላ ይነቀል ካልሽ ይነቀል፤ መሬቱም ልፋቱም ያንቺ ነው፣ አንድ ቃል አይወጣኝም።

ይቆይ ካልሽ ግን ቅርንጫፉን ለመከርከም እኔ አለሁ። የጋዜጣው ሥራስ እንዳትይኝ፤ የፈለግሽውን ያህል ወር መቆየት እችላለሁ። መልስሽንም ከእንግዲህ በቤቴ አድራሻ ላኪው፤ በቢሮው ከላክሽው ላይደርሰኝ ይችላል። አትስጊ፤ በዚህ ሳምንት እንቅልፍ ጠግቤ ነው የከረምኩት።

ጉልበትሽን ያጽናልሽ፤ የልጆችሽን ወግ ማዕረግ ያሳይሽ። በማሳው መሃል በጤና ቆመሽ እንዳገኝሽ ያድርገኝ።

እጅሽን እየሳምኩ፣
ታናሽ ወንድምሽ